ለስፌቱ ሲባል ሳቅ ክልክል ነው

ግራም ሚስቱን የመረጣት በጆሮው ነው። ፊቷን ያየው ከሳምንት በኋላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጸጉሩን ሊስተካከል የወንዶች ጸጉር ቤት ገብቶ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተቀምጧል። ከግድግዳው ማዶ የሴቶች ጸጉር ቤት አለ። በዚያ በኩል ከጸጉር ሠሪዎቹ አንዷ ሳቀች። ሳቁ ከታች እንደሚሞላ ጀሪካን ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ጀመረ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ጣሪያ ነካና ትንፋሽ አጥቶ ዝም አለ፤ አለቀ ሲባል «ኧረ ወይኔ!» ተብሎ እንደ አዲስ ተጀመረ። ጸጉር አስተካካዩ ማሽኑን ከግራም ራስ ላይ አነሳ።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ እሷ ስትስቅ እጄን አላምነውም። እስክትጨርስ እንጠብቅ» አለው።

ጠበቁ። ግራም በዚያች ጥበቃ ውስጥ ልቡን ጣለ።

ግራም እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። በአንድ የዕቃ ማጓጓዣ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው። ካርቶን ሲመጣለት ሚዛኑ ላይ ያወጣዋል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ያያል፣ ቀና ብሎ ያስባል፣ እንደገና ጎንበስ ይላል። ቅጽ ይሞላል፣ ላኪን ያስፈርማል፣ ተቀባይን ያስፈርማል። አንዲት ግራም አታልፈውም። ልጁ በተወለደች ቀን እንኳ አዋላጇ «አራት ኪሎ ከስድስት መቶ! እንኳን ደስ አለህ!» ስትለው፣ «እናመሰግናለን፤ ሚዛናችሁ ግን ባዶውን አርባ ግራም ያሳያል» ነበር ያላት።

ትዳር ከያዙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሚስቱ ያልሳቀችበት ሰው የለም። በደንበኞቿ ስቃለች፣ በጎረቤት ስቃለች፣ በራሷ ስቃለች። አንድ ጊዜ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው «ቆጣሪው በየት በኩል ነው?» ብሎ ስለጠየቃት ብቻ በሳቅ ፍርስ ብላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። በግራም ግን ስቃ አታውቅም። ስለምትጠላው አይደለም፤ ትወደዋለች፤ ኮሌታውን ሳታስተካክል ከቤት አታስወጣውም። ብቻ አያስቃትም።

ጥረት አጥቶም አይደለም። ጫኝና አውራጆቹ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያወሩትን ቀልድ እየለቀመ ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል። ቀልዱ ግን መንገድ ላይ ይሞትበታል።

«አንድ ሰውዬ ነበረ አሉ» ብሎ ይጀምራል፤ «ሰባ ሁለት ኪሎ ይሆናል።»

«ክብደቱ ምን ያደርግልናል?»

«ኋላ አህያ ላይ ይወጣላ።»

«እሺ፣ ወጣ።»

«አልወጣም ገና። አህያይቱ ስንት እንደምትችል መጀመሪያ…»

«ግራሜ፣ አለቀ?»

«መሃሉ ላይ ነን።»

ሲጨርስ ትክ ብላ ታየዋለች። ከዚያ እጁን መታ መታ አድርጋ «ጎበዝ» ትለዋለች። ይቺ «ጎበዝ» ናት አንጀቱን የምትቆርጠው። ማንም ሳያውቅበት፣ በልቡ ይዞት የሚዞረው አንድ ምኞት ነበረው፤ ያንን ሳቅ፣ አንዴ ብቻ፣ እሱ ራሱ አስቋት መስማት።

ወደ ሆዷ ጉዳይ እንምጣ። ልጅቷ ስትወለድ የእናትየዋ ሆድ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ዓመት ከመንፈቅ አለፈ፤ ልጅቷ ቆማ ሄደች፤ ሆዷ ግን ዛሬም የሰባት ወር እርጉዝ ይመስላል። አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተነስተው ያስቀምጧታል። ጸጉር ቤት አዲስ ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ አይታት «መቼ ነው የምትወልጂው?» ስትላት፣ «ወልጃለሁ እኮ፤ ያቻትልሽ ማበጠሪያዬን እየበላች» ትላታለች። ከአልጋ ስትነሳ ከደረቷ እስከ እንብርቷ መሃል ለመሃል አንድ ጉብታ ቀጥ ብሎ ይወጣል። «ድንኳኔ ተተከለ» ትላለች። ቀልድ አልጎደለባትም። የከዳት ወገቧ ነው። የአንድ ሰው ጸጉር ሠርታ ሁለተኛውን ስትጀምር ወገቧ ቁርጥ ይላል፤ ወንበር ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ጊዜ አትስቅም።

ሕመሙ ሲብስባት ሐኪም ቤት ሄዱ። ቀዶ ሐኪሙ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ ሰው ናቸው። አስተኟትና «ራስሽን ብቻ ቀና አድርጊ» አሏት። ቀና ስትል ጣቶቻቸውን ከእንብርቷ በላይ አስገቡ። ገቡም።

«ይኸውልሽ ልጄ» አሉ። «ከጎድን አጥንትሽ ሥር እስከ ታች ድረስ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። መሃላቸውን የሚያያይዝ ስስ ሽፋን አለ። ማህፀን ሲያድግ ይሄ ሽፋን ይለጠጣል፤ ጡንቻዎቹ ይራራቃሉ። ብዙዎቹ እናቶች ከወለዱ በኋላ መልሶ ይሰበሰብላቸዋል። ያንቺ አልተሰበሰበም። አራት ጣት ነው ክፍተቱ።»

«የማን ጣት?» አለ ግራም ከጥግ ሆኖ።

«እንዴት?»

«ማለቴ ጣት ይለያያል። የርስዎ ወፍራም ነው።»

ዶክተሩ ጣቶቻቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ መሳቢያ ከፍተው ሜትር አወጡና ለኩ። ሰባት ሴንቲሜትር። ግራም ተነፈሰ፤ አሁን ገባው።

አንድ ዓመት ሙሉ እንቅስቃሴ ሠራች። ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተኝታ ሆዷን ወደ ውስጥ እየሳበች፣ ልጅቷ ደረቷ ላይ እየተቀመጠችባት፣ ሳታቋርጥ ሠራች። ክፍተቱ ከሰባት ወደ ስድስት መጣና እዚያው ቆመ። እንብርቷ አጠገብ ደግሞ ሄርኒያ የሚሉት የአንጀት እብጠት ብቅ አለ። ያን ጊዜ ዶክተሩ «እንግዲህ እንሰፋዋለን» አሉ። ሁለቱን ጡንቻዎች መሃል ለመሃል ሳብ አድርገው፣ በማይሟሟ ክር፣ ከላይ እስከ ታች ይሰፏቸዋል፤ ሄርኒያውንም አብረው ይደፍኑታል።

ሰፏት። ደህና ወጣ። ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ዶክተሩ ሁለቱንም አስቀምጠው ትእዛዝ ሰጡ። ስድስት ሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ ማንሳት የለም። ከአልጋ ስትነሺ በጎንሽ ተገልብጠሽ ነው። ይህ የሆድ መደገፊያ ቀበቶ ከላይሽ አይወልቅም።

«ልጄንስ?» አለች።

«ልጅሽ ስንት ትመዝናለች?»

«አሥራ አንድ ነጥብ አራት» አለ ግራም፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«አታነሺያትም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግራም አይቶ ወዲያው ወሬ ለወጠ።

«ዶክተር፣ ሳቅስ? እሷ… አሳሳቋ ከባድ ነው።»

«ኃይለኛ ሳል፣ ማስነጠስ፣ ከት ብሎ መሳቅ፣ እነዚህ ሁሉ ስፌቱን ይወጥሩታል፤ ያማታልም። ሲመጣባት ትራስ ሆዷ ላይ ጫን ታድርግ።»

«የሚፈቀደው ምን ያህል ነው?»

«ምኑ?»

«ሳቁ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ፈገግታ ይፈቀዳል» አሉ። ግራም ጻፈው።

ልታስታምም የመጣችው የሚስቱ እናት ናት፤ እዚህ ላይ «የመጣችው» ብሎ ማለፍ ግን ድፍረት ነው፤ «የመጡት» ማለት ይገባል። አማቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው የኖሩ፣ አንድ ሺህ ተማሪ በዓይናቸው ብቻ የሚያሰልፉ ሴት ናቸው። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ሳሎን መሃል ቆመው አዋጁን አነበቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሳምንት በዚህ ቤት ሳቅ ክልክል ነው። ለስፌቱ ሲባል። ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ብቻ። ያቺ የጸጉር ቤት ጓደኛሽ፣ ጥርሷ የማይከደነው፣ ደጃፍ እንዳላያት።»

«ኧረ እማዬ፣ ማን ያጫውተኛል ታዲያ?»

አማቱ ቤቱን ዙሪያውን ቃኙ። ዓይናቸው ግራም ላይ ሲደርስ ፊታቸው ፈካ።

«ይኸው ባልሽ አለልሽ! ከእሱ ጋር ተቀመጪ። እሱ ሰላም ነው፤ ምንም አያስቅም።»

ግራም አንገቱን ደፋ። ምስጋና ነው ብሎ ዋጠው።

ሹመቱንም በቁም ነገር ያዘው። በአራተኛው ቀን፣ ሚስቱና አማቱ ተኝተው ሳሉ፣ ከመጋዘን የተዋሰውን ሚዛንና ሁለት ጥቅል ወረቀት ይዞ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ መዘነ። ከአምስት ኪሎ በታች ለሆነ አረንጓዴ፣ በላይ ለሆነ ቀይ ለጠፈ። ሚስቱ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ በጎኗ ተገልብጣ ተነሳች፤ ጎበጥ ብላ ወደ ማድቤት ሄደች። ማንቆርቆሪያው ላይ «ባዶውን 0.9፤ ሲሞላ 3.1፤ እባክሽ ግማሽ» ይላል። የሻይ ማንኪያው ላይ «0.02፤ ያለ ስጋት»። ሳሎን ተመለሰች። ትልቁ ሶፋ ላይ ቀይ፦ «አልተመዘነም፤ ግን ይታወቃል»።

ከንፈሯን ነከሰች። ይህን ጊዜ አማቱ ከመኝታ ቤት ወጡ። በእጃቸው የእጅ ቦርሳቸው አለ። ቦርሳው ላይ ቀይ ወረቀት አለ።

«አቶ ግራም» አሉ፤ ሲናደዱበት አቶ ይሉታል። «ቦርሳዬን ማን መዝነው አለህ?»

«እማማ፣ ስድስት ነጥብ አንድ ነው። እሷ ድንገት ላቀብልዎት ብላ እንዳታነሳው ነው።»

«ስድስት ኪሎ?»

«ነጥብ አንድ። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም፤ ግን በዕድሜዎ ሸክሙን ቢቀንሱ ጥሩ ነው።»

ከሶፋው በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። የጎማ ነፋስ የሚወጣ ይመስላል። ሚስቱ ናት፤ ትራሱን ሆዷ ላይ ጨምቃ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ግራሜ ውጣልኝ! በናትህ ውጣ! ሆዴን!»

ግራም ወጣ። በረንዳው ላይ ቆመ።  መጀመሪያ ያሰበው ስለ ስፌቱ ነው። ሁለተኛ ያሰበውን ለማሰብ ራሱ አፈረበት፦ በእኔ ነው የሳቀችው።

ከዚያ ወዲያ ነገር ተበላሸ። ዘጠኝ ዓመት እንደ ግድግዳ ስታየው የኖረችው ሰው፣ ሳቅ ክልክል ሲሆን፣ ሁለመናው የሚያስቅ ሆነባት። ኮስተር ብሎ ሲገባ ትስቃለች። ሰዓት እያየ መድኃኒቷን ሲሰጣት ትስቃለች። አማቱ ስብሰባ ጠሩና ግራም ወደ መኝታ ቤቱ የሚገባው ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ለማውራት እንዲሆን ወሰኑ።

ገባ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዛሬ ደመና ነው» አለ።

ሚስቱ ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ከሰዓት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።»

ትራሱ ተንቀጠቀጠ።

«ላይገለጥም ይችላል።»

«እማዬ! አስወጪልኝ!»

ሥራ ቦታ ለብቻው ሲስቅ ያዙት። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ፣ ሸንጎ የሚሉት ረጅሙ፣ «ጋሼ ግራም፣ ምን ተገኘ? ሚዛኑ ተሳሳተ እንዴ?» አለው። «ሚስቴ ታማለች» አለ ግራም፣ ጥርሱን መሰብሰብ አቅቶት። ሸንጎ ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

ሚስቱ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረችም። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት አልጋው ሥር መጥታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች። እናቷ ደግሞ እጇን ወደ ታች ትሰዳለች፤ ጭንቅላቷን ትዳብሳለች፤ አታነሳትም። ልጅቷ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። አማቱ ወይም ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ወይም ግራም አንስተው አጠገቧ ያስቀምጧታል፤ ስትንፈራገጥ መልሰው ይወስዷታል። ሦስት ሰው እየተቀባበላት ልጅቷ እንደ ኳስ ሆነች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀይ ጫማዋ ጠፋ።

«ስትሰጪኝ አንድ እግሯ ባዶ ነበር» አሉ አማቱ።

«እትዬ፣ እኔ ከነሁለቱ ነው የሰጠሁዎት!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ንብረት ተረክቤ አንዲት ጠመኔ አልጠፋብኝም!»

ሁለቱ ተኳረፉ። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ቀን ቀረች። ሚስቱ በዚህ ተከፋች፤ «ልጄን እንኳ ሰው ተጣልቶባት» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

ግራም እንዲህ ያለውን ጠብ ያውቀዋል። መጋዘን ውስጥ በየቀኑ ይመጣል፤ ላኪ «ሙሉ ነበር» ይላል፣ ተቀባይ «ጎድሎ ነው የመጣው» ይላል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ መሠረት፣ በሦስት ቅጂ ጻፈ። ሲጽፍ አንድ ጊዜ ብቻ ቆመ። መጨረሻው መስመር ላይ እስክሪብቶውን አንስቶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጻፈው።

ልጅቷን ታቅፎ ገባና አልጋው ላይ፣ ከእናቷ ጎን አስቀመጣት። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጣት።

«ምንድን ነው?»

«ፈርሚ። ከአሁን በኋላ የሚሰጥም የሚቀበልም ይፈርማል። ጠብ የለም።»

ሚስቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«የርክክብ ቅጽ። የዕቃው ዓይነት፦ ሴት ልጅ። ብዛት፦ አንድ።» ትራሱን ጎትታ ሆዷ ላይ አደረገች። «ክብደት፦ 11.4፣ ከነጫማ። ጫማ፦ ሁለት፣ አንዱ የሌላ ጫማ ነው።»

«ቀዩ አልተገኘማ» አለ ግራም።

«የዕቃው ሁኔታ፦ ደህና፤ አልፎ አልፎ ይጮሃል። አያያዝ፦ ይህ ጎን ወደ ላይ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ማሸጊያ፦ ከታች በኩል… እርጥብ።»

«መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ተቀባይ ነው ያረጠበው ይባላል።»

ሚስቱ ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ዓይኗ መጨረሻው መስመር ላይ ተተክሏል።

«ተቀባይ ካልተገኘ፣ ወደ ላኪ ይመለስ።» ቀና ብላ አየችው። ልጅቷን አየች። ቁልቁል ሆዷን አየች። «ወደ ላኪ? ግራሜ! ላኪዋማ ተሰፍታለች!»

ከዚያ ፈነዳች። ትራሱ አላገዳትም። ሳቁ ከአልጋው ተነስቶ ግድግዳውን አልፎ ሄደ፤ ከጎረቤት ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ልጅቷ ምኑም ሳይገባት አብራ ትስቅ ጀመር። ግራም ቆሞ ሰማ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር በፊቱ እየሆነ ነው። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«ኧረ ወይኔ!» አለች፣ ልትደግመው።

ጠቅ!

ሳቁ ቆመ። ሁለቱም ሰምተውታል። ከሆዷ ነው የመጣው። ሚስቱ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ ጭና ቀስ ብላ «አንድ ነገር ለቀቀ» አለች።

ግራም ሰማይ ተደፋበት።

ታክሲ ውስጥ እሷ በጀርባዋ ዘንበል ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። አማቱ ልጅቷን ታቅፈው ፊት ተቀምጠዋል፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ የዲሬክተር ዝምታ ነው። ግራም በየጉድጓዱ ሹፌሩን «ቀስ፣ ወንድሜ፣ ቀስ» ይላል፤ በውስጡ ግን የሚሟገተው ከራሱ ጋር ነው። ክብደቱን የጻፈው ደንብ ስለሆነ ነው። እርጥቡንም የጻፈው እውነት ስለሆነ ነው። መጨረሻውን መስመርስ? እስክሪብቶውን ያነሳው ለምን ነበር? ያቺን መስመር የጻፋት እንደምታስቃት እያወቀ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀመሩን አግኝቶት፣ መታገሥ አቅቶት ነው። ሁለት ሳምንት ተኩል ብቻ ቀርቷት ነበር። የሚስቱን ሆድ ለአንድ ሳቅ ሸጠው።

ቅዳሜ ዶክተሩ የተሰፉ ሰዎቻቸውን የሚያዩበት ቀን ስለሆነ ወዲያው አስገቧቸው። ሚስቱ አልጋው ላይ ሳትወጣ ግራም ቀድሞ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሆን ብዬ ነው ያሳቅኋት።»

«እስቲ ቆይ፣ መጀመሪያ እንይ።»

«ፈገግታ ብቻ ብለውኝ ነበር። ጽፌዋለሁ። አልፌ ሄድኩ።»

ሚስቱ ከአልጋው ጫፍ ዞር ብላ አየችው። «ሆን ብለህ?» አለች።

«መጨረሻውን መስመር» አለ። «ሌላው የሥራ ነው። መጨረሻውን ግን እንድትስቂልኝ ነው የጻፍኩት። በሰው ሁሉ ትስቂያለሽ። በኔ አንድ ቀን…» አልጨረሰውም።

ሚስቱ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ ቆየች። 

የዶክተሩ ነርስ አስተኝታ ቀበቶውን ፈታችላት። ዶክተሩ ጠባሳውን አዩ። «ራስሽን ብቻ ቀና አድርጊ» አሉ። ቀና አለች። ጣታቸውን ከእንብርቷ በላይ አሳረፉ፤ ጫን አደረጉ፤ ወደ ላይ ሄዱ፤ ወደ ታች ወረዱ።  ጣቶቹ አልገቡም።

«ግጥም ብሏል» አሉ ዶክተሩ። «ከላይ እስከ ታች። ከዚህ የተሻለ ራሴም አልጠበቅሁም።»

«ጠቅ ያለውስ?»

ነርሷ ቀበቶውን ወደ መብራቱ አንስታ ስታገላብጥ ቆየችና ሳቀች። ቀበቶውን ቀጥ አድርገው ከሚይዙት ጠፍጣፋ ፕላስቲኮች አንዷ ለሁለት ተሰብራለች። «ይቺ ናት። ይሄ እኮ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ አምስት ዓመት እዚህ ስሠራ ሲሰበር አይቼ አላውቅም። ምን ብታስቃት ነው?»

ግራም ኪሱ ገባ። ሁለተኛውን ቅጂ ይዞት ነበር፤ ሰነድ ትቶ አይሄድም። ዶክተሩ ተቀብለው መነጽራቸውን ፈለጉ፤ ነርሷ ከግንባራቸው ላይ አወረደችላቸው። ማንበብ ጀመሩ። «የዕቃው ዓይነት» ላይ ቅንድባቸው ተነሳ። «ይህ ጎን ወደ ላይ» ላይ ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ማሸጊያ» ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን ለነርሷ ሰጥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ነርሷ አነበበችና በክንዷ አፏን ያዘች። ሚስቱ አልጋው ላይ ሆና ይህን ሁሉ አይታ ትራስ መፈለግ ጀመረች።

«አንተ ልጅ» አሉ ዶክተሩ፣ ሳይዞሩ፤ «ስፌቱ ደህና ነው፤ ሁለት ሳምንት ተኩል ግን ገና ይቀራታል። በል አሁን ውጣ።»

«የት ልሂድ ዶክተር? የማስታመም ሹመቴስ?»

«ውጣ!» አሉ ሦስቱም።

ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አማቱ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። «ደህና ናት፤ ግጥም ብሏል» አላቸው። አማቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ለሠላሳ ዓመት ከተማሪ እጅ ወረቀት ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸውና ግራም ምን እንደፈለጉ ሳይነግሩት ገባው። ሦስተኛውን ቅጂ ሰጣቸው። ኮስተር ብለው አነበቡ፤ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ልጅቷን አንስተው ለእሱ አስታቀፉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እዚያ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ማስታወቂያ አፍጥጠው ያዩ ጀመር። ትከሻቸው ግን ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ትከሻ አልነበረም።

ግራም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከጎኑ ክንዳቸውን በጄሶ ያሰሩ አንዲት ሴትዮ አሉ። ከበሩ ማዶ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል፤ የሆነ ነገር እየተረከች ነው፤ «ዛሬ ደመና ነው አለኝ እኮ!» ትላለች፤ የነርሷ ሳቅ ይመጣል፤ የዶክተሩ ሳል የሚመስል ሳቅ ይመጣል፤ በመሃል «ሆዴን! ሆዴን!» ይላል አንድ የሚያውቀው ድምፅ። ግራም ያዘነ ሰው ፊት ለመያዝ ሞከረ። አልሆነለትም።

ሴትዮዋ ጠጋ አሉት።

«ሚስትህ ናት ውስጥ ያለችው?»

«አዎ።»

«ምጽ! እንዲህ የምትጮኸው፣ ምን አግኝቷት ነው?»

«እኔ» አለ ግራም።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከነጄሷቸው ወንበሩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።